ጥርስ የሌለው ጉማሬ

መስከረም 14

መጽሐፉ ዛሬ እጄ ገባ። አራት መቶ ቅጂ። ሽፋኑ ላይ «የሐይቁ ጓደኞቼ» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስም፣ ከእኔ ሥር ሥዕሎቹን የሣለው የአብዱልበሲጥ ስም። እዚህ ባሕር ዳር ላሉ አራት መዋዕለ ሕፃናት፣ በጀልባ ለሚደረስባቸው ለዘጌና ለደቅ ይከፋፈላል።

የክፍሌ ልጆች ሽፋኑን ገና ሲያዩ ጮኹ። አሥራ ሁለት እንስሳት ናቸው፣ ለእያንዳንዱ አራት ስንኝ። ዔሊዋን አለፏት፣ እንቁራሪቷን አለፏት፣ ጉማሬው ላይ ሲደርሱ አልነቃነቅ አሉ። አራት ጊዜ አስደገሙኝ፤ በአምስተኛው እነሱ ናቸው ያሉልኝ፦

ጉማሬ ጉማሬ፣
ና ውጣ በል ዛሬ፤
ሣርም አለኝ ለምለም፣
ያላንተ ጨዋታ የለም።

ለልጆች መጻፍ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ምላስ ላይ የሚቀር ነገር ወጥቶልኝ አያውቅም። ለሰው አልናገረውም እንጂ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ደስ ያለኝ ቀን ደግሞ መፍራት ልማዴ ነው። እናቴ «አንቺ ልጅ ስትስቂ እንኳ በሩን እያየሽ ነው» ትለኝ ነበር።

ልጄ ሲና እኔ የማስተምርበት ግቢ ነው የምትውለው። ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ማታ ልብሷን ሳወልቅላት ኪሷ ሙሉ ሣር ሆኖ አገኘሁት። ለምንሽ ነው ብላት «ለእንግዳ» አለችኝ። ኪሷን ገልብጬ አራገፍኩና ልብሱን ነከርኩት።


መስከረም 19

ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ወንዙ ዳር ሣር የሚያጭድ ሰውየ ጉማሬ ነከሰው አሉ።»

«ሞተ?»

«እግሩን ነው። ሐይቁ ሞልቶ የለ? ሣር ፍለጋ እስከ ሰው አጥር ድረስ ነው የሚወጣው።»

ከሰፈሬ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ አላውቅም። ሰውየው ትልቅ ሰው ነው፣ ልጅ አይደለም። ሊያጭድ የሄደውም ራሱ ነው።


መስከረም 20

ትናንት የጻፍኩትን አነበብኩት። «ልጅ አይደለም» ብያለሁ። ስለ ልጅ ማን ጠየቀኝ?


መስከረም 23

ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ የሉም። ደነገጥኩ። ከጓሮ በኩል፣ በሐይቁ አቅጣጫ ባለው አጥር ሥር ተኮልኩለው አገኘኋቸው። ሣር ነጭተው ጉብታ የሚያህል ክምር ሠርተዋል። ዘበኛችን እየሳቁ «እቴ ማህሌት፣ ላም ልታረቡልን ነው እንዴ?» አሉኝ።

ለምን እንደከመሩት ልጆቹን ጠየቅኳቸው። አንዱ እንደ ትልቅ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ሲርበው ይመጣል» አለኝ።

ክምሩን በተንኩት። አለቀሱ። ከእኛ አጥር እስከ ውሃው ሁለት መቶ እርምጃ ብትሆን ነው። አጥሩም ሽቦ ነው፤ ሽቦው ደግሞ በአንድ በኩል ተነቅሏል። እንዲጠገን ለርዕሰ መምህሯ ነገርኳት። ስለ ሣሩ ግን አልነገርኳትም።

እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር የመጣሁት ባለቤቴ እዚህ ፋብሪካ ሲቀጠር፣ ከስምንት ዓመት በፊት ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ጉማሬ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፣ እሱንም ከጀልባ ላይ ሆኜ። ከውሃው በላይ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች ብቻ። ጆሮዎቹ ያሳሳሉ። ስለ እነዚያ ጆሮዎች ነው ግጥም የጻፍኩት።


መስከረም 27

ለሕዝቅኤል ነገርኩት። ባለቤቴ ነገር ማቅለል ይችልበታል። «ተረት ውስጥ አንበሳም ያወራል» አለኝ። «አንበሳ ሊያወራ ጫካ የገባ ልጅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቅኩ። ሰላም ያለው ሳቅ ነበር፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆየልኝ። ከዚያ ግን አንበሳ ከቤታችን በእግር በሚደረስበት ቦታ እንደማይኖር ትዝ አለኝ።

ሳህን ሳነሳ «ቆይ፣ የመጀመሪያው ግጥም ሌላ አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

«ገምጋሚዎቹ ናቸው ያስቀየሩኝ» አልኩት፤ ውሃውንም ከፈትኩት።


ጥቅምት 1

የመጀመሪያው ይሄ ነበር፦

ጉማሬ መጣ መጣ፣
እግሬ አውጪኝ ልውጣ፤
ሐይቁ ነው የሱ ቤቱ፣
ከሩቅ ነው ማየቱ።

ገምጋሚዎቹ ሕፃናትን የሚያስፈራ ነገር አይገባም ብለውኝ ነው የቀየርኩት።

አይደለም። የገዛ ደብተሬን ልዋሽ ነው? ገምጋሚዎቹ አራት ነበሩ፤ ከአራቱ አንዷ ሴትዮ ገጹን እየገለጠች «ይቺ ትንሽ ታስፈራለች፣ አይደል?» አለች፣ ከዚያም ስለ ቀለሙ ማውራት ቀጠለች። ቀይሪ ያለኝ ሰው የለም። በማግሥቱ ጠዋት ሲናን ጫማ ሳደርግላት «ያላንተ ጨዋታ የለም» የሚለው ስንኝ ራሱ መጣልኝ። መጣልኝና አልተውኩትም። ይኼው ነው።

ሥዕሉም አለ። አብዱልበሲጥ መጀመሪያ የሣለው ጉማሬ አፉን ከፍቶ አራት ጥርስ ያሳይ ነበር፤ ሁለቱ ክንድ የሚያህሉ። «ጥርሱን አውጣው፣ ፈገግ ይበል» ያልኩት እኔ ነኝ። አወጣው። አሁን ድዱን እያሳየ የሚስቅ ሽማግሌ ይመስላል።


ጥቅምት 4

መላ አገኘሁ። የድሮውን ግጥም በትናንሽ ወረቀት አሳትሜ በአዲሱ ላይ እለጥፋለሁ። ለየትምህርት ቤቱ እንዲህ የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ፦ «በኅትመት ስህተት ምክንያት በገጽ ዘጠኝ ላይ…»

አብዱልበሲጥ ጋ ሄድኩ። አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እሱ ከሱቃቸው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል የሱቅ ታፔላ ይጽፋል። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበው።

«ቲቸር፣ የቱ ኅትመት ነው የተሳሳተው?»

የታተሙትን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«አይ፣ እኔ ምን አገባኝ። ግን ልጆቹ ማንበብ አይችሉም እኮ። ወረቀቱን ለማን ነው የምንለጥፈው?»

«ለአስተማሪዎቹ» አልኩት። ወረቀቱን እየሳቀ አይደለም የቆረጠልኝ። አራት መቶውንም ቆረጠልኝ።


ጥቅምት 10

የእኛን ትምህርት ቤት መጻሕፍት ለጠፍኩ። ክፍል ውስጥ ገጹን ገለጥኩና አዲሱን ወረቀት በጣቴ እያሳየሁ «ጉማሬ መጣ መጣ» አልኩ። እሺ ብለው ደገሙ። ከዚያ አንዷን ልጅ ብቻዋን እንድትለው ጠየቅኳት። ጣቷን ከቃል ቃል እያሻገረች፣ በጣም ተጠንቅቃ፣ አንድም ቃል ሳትስት «ሣርም አለኝ ለምለም» አለች።

አፋቸው ውስጥ ገብቷል። ሙጫ እዚያ አይደርስም።


ጥቅምት 12

ቃልኪዳን ከዘጌ ደወለች። እዚያ ያለውን የሕፃናት ክፍል የምታስተምረው ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ሁልጊዜ እንደሮጠ ሰው ነው።

«እቴ ማህሌት፣ መጽሐፉን እኮ ወደዱት! እናቶቹ ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። ሙሉነሽ የምትባል እናት አለች፣ ፊደል አልቆጠረችም፣ ከልጇ ሰምታ ነው የያዘችው። ማታ ማታ እሷ ናት እያዜመች የምታስተኛው። ልጁ ምናሴ ይባላል፣ አራት ዓመቱ ነው። ከጉማሬው ሌላ ገጽ አያስገልጠኝም።»

ምን ልበላት? «ገጽ ዘጠኝ ላይ የኅትመት ስህተት አለ፣ በጀልባ ወረቀት እልክልሻለሁ» አልኳት።

«የትኛው? ጉማሬው?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ልንገርዎት? መጀመሪያ ላይ እኔም ፈራሁ። እኛ ሰፈር እንዲህ አይባልም። ኋላ ግን ከመጽሐፉ ጀርባ የጋሼ ወልደ ጻድቅን ስም አየሁ። እሳቸው ካዩትማ ብየ አስተማርሁት።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቆሜያለሁ። 


ጥቅምት 13

ስለ ጋሼ ወልደ ጻድቅ እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩም። አሁን ገባኝ ለምን እንዳልጻፍኩ።

ባለጀልባ ናቸው። ዘጌ ተወልደው ባሕር ዳር ያረጁ፣ ዳር ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው። የሐይቁን እንስሳት ከነጠባያቸው የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ነሐሴ ላይ፣ መጽሐፉ ሊታተም ሳምንት ሲቀረው፣ ጀልባቸው ላይ ሆነን አዲሱን የጉማሬ ግጥም አነበብኩላቸው። ያደንቁልኛል ብዬ ነው። ሞተሩን አጠፉ።

«ልጄ፣ ይኸን ከመጽሐፉ አውጪው።»

«ለልጆች እኮ ነው፣ ጋሼ» አልኩ እየሳቅኩ።

«ለልጆች ስለሆነ ነዋ! ገድሉ የሚባለውን ወንድሜን ከነታንኳው ገልብጦ ያሳጣኝ ጉማሬ ነው። በጠራራ ፀሐይ። አልጠራውም፣ አልነካውም። ያልጠራውን እንዲህ ካደረገ፣ የጠራውንማ።»

አዝናለሁ አልኳቸው። ግጥሙን ግን አላወጣሁም። ከመጽሐፉ ጀርባ «ስለ ሐይቁ እንስሳት ምክራቸውን ለለገሱን ለጋሼ ወልደ ጻድቅ ምስጋናችን የላቀ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት አይደለም፤ ምክራቸውን ለግሰውኛል። አልተቀበልኩም የሚል ብቻ ነው የጎደለው።

እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ስማቸው እዚያ መኖሩን አያውቁም።


ጥቅምት 16

በጸጥታው ምክንያት ጀልባ ቆሟል። መንገዱም ተዘግቷል፣ ኔትወርክም የለም። ለስንት ቀን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። የዘጌ ወረቀቶች በካርቶን ታሽገው ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጠዋል። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አያቸዋለሁ።

ሲናን አየር ትቀበል ብለን ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድናት። ሕዝቅኤል ከሚያውቀው ሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ እጇን ለቀቅኳት፣ ነጠላዬን ላስተካክል። ቀና ስል ውሃው ጫፍ ደርሳ ከኪሷ ሣር እያወጣች ትወረውራለች። ሮጥኩና ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። በጣም ጎተትኳት። አለቀሰች፣ ሰው ዞሮ አየኝ።

«ጓደኛዬ እኮ ነው!» ትላለች። «አንቺ ነሽ ጓደኛዬ ነው ያልሽው!»

ክንዷ ላይ የጣቴ ምልክት አለ። ቅባት ቀባሁላት። ለምን እንደጎተትኳት አልነገርኳትም። ልነግራት ፈልጌ ነበር፣ ከየት እንደምጀምር ነው ያላወቅኩት።


ጥቅምት 19

ኔትወርክ የለም። ጀልባ የለም።

ምናሴ የሚባለው ልጅ ቤታቸው ከውሃው ምን ያህል ይርቅ ይሆን? ቃልኪዳንን አልጠየቅኳትም።


ጥቅምት 21

የለም። ዛሬም።


ጥቅምት 24፣ ጀልባ ላይ

ጠዋት ኔትወርክ ሲመለስ የቃልኪዳን መልእክት ገባ። «ምናሴ ከንጋት ጀምሮ የለም። መጽሐፉም የለም።» ስደውልላት አታነሳም።

ሲናን ለሕዝቅኤል ሰጥቼ ወጣሁ። ወደብ ላይ ለመውጣት የተዘጋጀ ጀልባ አንድ ብቻ ነው፤ የጋሼ ወልደ ጻድቅ።

«የማን ልጅ ነው የጠፋው?» አሉኝ።

«የሙሉነሽ።»

«አውቃታለሁ። አባቷንም አውቃቸዋለሁ።» ሞተሩን አስነሡ። ጀልባው ይናወጣል። ጽሑፌም አይነበብም። አምላኬ ሆይ፣ የእኔን ስህተት በሌላ ሰው ልጅ ላይ


ጥቅምት 24፣ ማታ

ተገኝቷል። በሕይወት ነው። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ።

ዘጌ ስንደርስ መንደሩ በሙሉ ውሃው ዳር ነው። ሙሉነሽን ማንም ሳያሳየኝ አወቅኳት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ትጣራለች። ሁለት ሴቶች ሊጎትቷት ይታገላሉ። ቃልኪዳን ክንዴን ይዛ ከቡና ዛፎቹ ሥር ወዳለ ጭቃ ወሰደችኝ። አንድ ክምር ሣር አለ፣ በሥርዓት የተደረደረ። አጠገቡ ድንጋይ ላይ መጽሐፌ ተዘርግቷል፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ። ጉማሬው ድዱን እያሳየ ወደ ሰማይ ይስቃል።

ከድንጋዩ ወዲያ ጭቃው ላይ የጎድጓዳ ሳህን አፍ የሚያህል ዱካ ነበር። ከአንድም ብዙ። ጋሼ ወልደ ጻድቅ አዩትና ሙሉነሽ እንዳታይ ሄደው በላዩ ቆሙበት።

ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም። ስጸልይ ነበር ልበል? አልጸለይኩም። ደብዳቤውን ነበር የማስበው። «በኅትመት ስህተት ምክንያት።»

ከዚያ ከውሃው ዳር ከበቀለው ደንገል ውስጥ አንድ ሰው ጮኸ። አገዳው መሐል የታሰረች አሮጌ ታንኳ ነበረች፤ ምናሴ ውስጧ ተኝቶ አገኙት፣ አንድ ጭብጥ ሣር ይዞ። በሰው እቅፍ ሲመጣ ገና ዓይኑን እያሸ ነው። እናቱ ወስዳ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ ሁለቱም ውሃ በውሃ ሆኑ።

«ለምን ሄድህ? ለምን?»

«ሣሩን ሁልቀን ይበላልኛል» አለ ምናሴ። «ጠዋት ስመጣ የለም። ዛሬ ሲበላ ላየው ብየ ቆየሁ። እንቅልፌ መጣ።»

 ስንት ጠዋት ሄዷል? ማን ነው ሣሩን ሲበላለት የከረመው? ላም ይሆናል። ላም ነው ብዬ ልተኛ።

ከዚያ ነው የከፋው። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ሙሉነሽን ያፋጥጧት ጀመር። «አንቺ ነሽ! ማታ ማታ ና ውጣ፣ ና ውጣ እያልሽ ስታዜሚ ጎረቤት ሁሉ ይሰማሽ የለም? የሐይቅ ዳር ልጅ አይደለሽም?» ሌሎችም ጨመሩበት። እሷ ልጇን እንዳቀፈች አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ» አለች። «አልካድሁም፣ እኔ ነኝ። ቃሉ ጣፈጠኝ።»

ቃሉ ጣፈጠኝ አለች።

ቃልኪዳን አየችኝ። እኔም አፌን ከፈትኩ። «ዋናው መገኘቱ ነው» አልኩ።

ይህን ነው ያልኩት። ቃል በቃል ይሄው ነው፣ አንብቢው ማህሌት። ከዚያ ጀልባ ላይ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ጋሼ ወልደ ጻድቅ «ያን ጊዜ አውጪው ያልሁሽ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ባሕር ዳር ስንደርስ ዋጋም አልተቀበሉኝም።


ጥቅምት 27

ነገ እሄዳለሁ።


ጥቅምት 29

ሲና ሳል ይዟታል። ሳል ይዟት ትቻት አልሄድም።


ኅዳር 2

ሳሉ ለቋታል። ቃልኪዳን ደወለች። ሙሉነሽ ልጇን ትምህርት ቤት አስቀርታዋለች። ውሃ ለመቅዳት ስትወርድ ሴቶቹ መንገድ ይለቁላታል፣ ግን አያናግሯትም። «እቴ ማህሌት» አለችኝ በመጨረሻ፣ አሁን እንደሮጠ ሰው ሳይሆን ቀስ ብላ፣ «ወረቀቱ ስህተት ነው ያሉት… ስህተቱ የማተሚያ ቤቱ ነው?»

«አይደለም» አልኳት።

«እኔም እንዲያ መሰለኝ» ብላ ዘጋችው።

ከጎኔ ሕዝቅኤል ነበር። ሰምቷል። «እሑድ ሲናን እኔ እይዛታለሁ» ብቻ አለኝ።


ኅዳር 7

ዘጌ ሄጄ መጣሁ።

ቅዳሴ አልቆ ሰው ከዛፉ ሥር ተቀምጧል። ያ ሽማግሌም አሉ። ሙሉነሽ ብቻዋን ዳር ላይ ናት፣ ምናሴ ጭኗ ላይ ነው። በጀልባ የወሰዱኝ ጋሼ ወልደ ጻድቅ ናቸው፤ ለምን እንደምሄድ ግን አልነገርኳቸውም ነበር። ድምፄ እንዳይጠፋ ፈርቼ ቆሜ ጮክ ብዬ ጀመርኩ።

«ሙሉነሽ አይደለችም። ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ልጅ የሚያሸሽ ግጥም ነበር፣ ይጥፈጥ ብዬ ቀየርኩት። ጋሼ ወልደ ጻድቅ አውጪው ብለውኛል፣ አላወጣሁም። ስማቸውን ግን ሳልጠይቃቸው መጽሐፉ ላይ ጻፍኩ። እናንተም ያመናችሁት ስማቸውን ነው። የኅትመት ስህተት የሚባል ነገር የለም።»

 ጋሼን ማየት አልቻልኩም።

ሙሉነሽ ተነሥታ መጣች። መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛዋለች፤ ከዚያ ሁሉ በኋላም አልጣለችውም። «ስምሽ የቱ ነው?» አለችኝ።

በጣቴ አሳየኋት። የእሷን ጣት እላዩ ላይ አሳረፈችው፣ ብዙ ቆየች።

«ሁለት ሳምንት» አለች። «ሁለት ሳምንት ሙሉ እንስራየን ተሸክሜ ስወርድ የሰው ዓይን በላኝ። እኔም ራሴን በላሁት። አንቺ ቤትሽ ነበርሽ።»

ይቅርታ አልኳት። ይቅር ብየሻለሁ አላለችኝም፣ ተመልሳም ተቀመጠች። ግን ሽማግሌው ተነሡና ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ። ምንም ሳይሏት።

ጋሼ ወልደ ጻድቅ «የእኔስ የቱ ነው?» አሉ። መጽሐፉን ገልብጬ ጀርባውን አሳየኋቸው። አተኩረው አዩት፣ እንደ እንግዳ ሰው ፊት።

«ልሰርዘው፣ ጋሼ?»

«ተይው። ጉማሬው ጥርሱን ካበቀለ ስሜ ይቆያል። ጥርስ ሳይኖረው ግን የእኔ አይደለም።»

ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ቢጫ የሆነ፣ የጎበጠ ጥርስ፣ ከክንዴ የማይተናነስ። ወንድማቸው ገድሉ በሞተበት ዘመን ከሐይቁ ዳር ያገኙት ነው። እንደምናገር አውቀው ነበር ይዘውት የመጡት ወይስ ሁልጊዜ ይይዙታል? አልጠየቅኳቸውም። ምናሴን ጠርተው እጁ ላይ አኖሩለት፤ በሁለት እጁ ነው የያዘው።

«የማን ነው?»

«የጓደኛህ ነው።»

ልጁ ጥርሱን አገላብጦ አየው። ጫፉን በጣቱ ነካ። ከዚያ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠውና ሄዶ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ገባ።


ኅዳር 14

ከዘጌ በተመለስኩ ማግሥት ለርዕሰ መምህሯም ሁሉንም ነገርኳት። ሥራዬን የማጣ መስሎኝ ነበር። ረጅም ጊዜ አየችኝና «መጻሕፍቱን ሰብስቢ» አለችኝ። ሌላውን በኋላ እናወራለን ብላለች፤ እጠብቃለሁ።

ሦስት ቀን አብዱልበሲጥ ጋ ውለናል። እሱ በጥቁር ቀለም ጥርሱን ይሥላል፣ እኔ ውስጡን ቢጫ እቀባለሁ። አራት ጥርስ በያንዳንዱ መጽሐፍ። መጀመሪያ ሥሎት የነበረውን አፍ አልረሳውም፤ እጁ ራሱ ይሄዳል።

«ማንበብ የማይችል ልጅ ሥዕል ያነባል፣ ቲቸር» አለኝ። «ያኔ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ደስ ብሎሽ ስለነበር ተውኩት።»

ሦስት መቶ ስድሳ ሰበሰብን። አርባዎቹ አልተገኙም። ልጆች ቤት ወስደዋቸዋል፣ ወይ ለዘመድ ሰጥተዋቸዋል፣ ወይ ደቅ ደርሰው የት እንደገቡ አይታወቅም። እነዚያ አርባ ጉማሬዎች የሆነ ቦታ ድዳቸውን እያሳዩ ይስቃሉ። የት እንደሆነ አላውቅም። ይህን ይዤ እተኛለሁ፤ ስነሣም ይዤው ነው።


ኅዳር 15

ሲናን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መጽሐፉን ሰጠኋት። ምንም አልነገርኳትም። ዔሊዋን አለፈቻት፣ እንቁራሪቷን አለፈቻት። ገጽ ዘጠኝን ገለጠች፤ ለማለት አፏን ከፍታ ነበር። «ጉማሬ ጉ…»

ቆመች። ጥርሶቹን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ እንደገና ጥርሶቹን። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ይህ ፊት አልነበራትም። የእኔን ፊት ነው የሠራችው፣ እናቴ በሩን እያየሽ የምትለኝን።

«እማዬ፣ ይነክሳል?»

«አዎ።»

«እኔንም?»

«አንቺንም።»

መጽሐፉን ዘጋችው። አንገቴ ሥር ገባች፤ ልቧ እንደ ጫጩት ልብ ይመታል። አቀፍኳት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ የፈለግኩት ይሄው ነው። አለቀስኩ እንጂ።

ማታ ልብሷን ሳወልቅላት እንደ ልማዴ ኪሷን ገለበጥኩ። ሣር የለም።